መንታው ላይ የምትቆመው ባቡር

ባቡሯ አሁንም እዚያው ቦታ ቀጥ አለች። ከአሰብ ተነሥታ፣ ሚሌን አቋርጣ፣ ባቲን ወጥታ ኮምቦልቻ ስትገባ፣ ሐዲዱ ለሁለት የሚከፈልበት መንታው ላይ ነው የምትሞተው። አንደኛው ሐዲድ ወደ ፋብሪካው፣ ሁለተኛው ወደ ደሴ ይወስዳል፤ እሷ ግን የትም አትሄድም። መብራቷ ይደክማል፣ ትንሽ ትንፈራገጣለች፣ ከዚያ ዝም ትላለች። በጣቴ ነካ ሳደርጋት ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ መንገዷን ትቀጥላለች። እንዲህ ያለው ነገር ደሜን ያፈላዋል። የሚበላሽ ነገር አንደኛውን ይበላሽ። ሲነኩት የሚሠራ፣ ሲተዉት የሚቆም ነገር ከሰውም ከዕቃም አልወድም።

የእውነት ባቡር አይደለችም። ምሥራቅ ጀርመኖች በስጦታ የላኳት፣ ርዝመቷ ከመዳፌ የማይበልጥ የመጫወቻ ባቡር ናት። የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ሊከበር ሲል ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ የእህል መጋዘን ተጠርጎ የኤግዚቢሽን አዳራሽ ሆነ። መጥረጉ ብዙም አላስቸገረም፤ እህል ከወጣበት ቆይቷል። መሐሉ ላይ በትልቅ ጠረጴዛ የወደፊቷ ወሎ በጀሶ ተሠርታ ተዘረጋች፤ ተራራው አረንጓዴ፣ ወንዙ ሰማያዊ ተቀባ። ከበሩ ውጭ ያለው ተራራ ግን ክረምቱ በቅጡ ሳይዘንብበት አልፎ፣ ጳጉሜን ላይ ቢጫ ነበር። ይህን ጮክ ብሎ የሚናገር ሰው አልነበረም።

እኔ ለይላ ነኝ። ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ አባቴ ትቶልኝ በሞተው ሱቅ ሬዲዮ እጠግናለሁ። ሴት ልጅ ሬዲዮ ፈትታ ስትገጥም አይቶ የማያውቅ ሁሉ በር ላይ ቆሞ "ባለሙያው የሉም?" ይለኛል። "ባለሙያው እያናገረዎት ነው" ስለው ሬዲዮውን ታቅፎ የሚመለስም አለ፤ መንገዱን ጨርቅ ያድርግለት። ያን ቀን ኮምቦልቻ የወረድኩት ግን ሥራ ብዬ አልነበረም። ለወንድሜ ለበሺር ብዬ ነው።

በሺር ለብሔራዊ ውትድርና ተይዞ፣ ከአዳራሹ ጀርባ ባለው የሽቦ አጥር ግቢ ውስጥ ከእኩዮቹ ጋር ካሚዮን ይጠብቅ ነበር። ጀምበር ሳትጠልቅ ወደ ሰሜን ይንቀሳቀሳሉ ተብሏል። የኤግዚቢሽኑ ኃላፊ ጓድ ስማቸው ባቡሯን የሚያስተካክል ሰው ፍለጋ ደሴን ሲያስስ ከርሞ በመጨረሻ እኔ ሱቅ ደረሰ። ለሥራው ምን እንደምፈልግ ጠየቀኝ፤ ወንድሜን አልኩት። መጀመሪያ ሳቀ። እንዳልሳቅሁ ሲያይ ተወው።

"ባቡሯን የሚያንቀሳቅስ አንድ ሰው ይመደብልኛል" አለኝ በኋላ፣ ወደ በሩ እየተገላመጠ። "ኤግዚቢሽኑ በየአውራጃው ስለሚዞር ያ ሰው አብሮ ይዞራል፤ ሌላ ቦታ አይላክም። ወንድምሽ ሊሆን ይችላል። ግን ስሚኝ ለይላ፣ የባቡሯን ቁልፍ የሚያዞሩት ኤግዚቢሽኑን ሊከፍቱ የሚመጡት ትልቁ እንግዳ ራሳቸው ናቸው። እሳቸው ፊት ጣት ማስገባት የለም። መንታው ላይ ከቆመች ለወንድምሽ ቀርቶ ለራሴም አልሆንም።"

ነገሩ ይኸው ነበር። ባቡሯ መንታውን ካለፈች በሺር ይቀራል፤ ከቆመች ይሄዳል።

ጠዋት የኤሌክትሪክ መመርመሪያ ቴስተሬን ይዤ ሐዲዱን እግር በእግር መረመርኩት። ባቡሯ ኤሌክትሪኳን የምትቀበለው በሚሽከረከሩት የብረት እግሮቿ ከሐዲዱ ነው። መንታው ላይ ግን ሐዲዶቹ የሚተላለፉባት ቦታ ፕላስቲክ ናት፤ እዚያች ላይ ኤሌክትሪክ የሚባል የለም። ረጅም ባቡር ብትሆን የፊት እግሯ ፕላስቲኩን ሲረግጥ የኋላው ገና ብረት ላይ ይሆን ነበር። ይቺ ግን አጭር ናት፤ እግሯ ሁሉ እኩል ባዶ ላይ ያርፋል። በፍጥነት ስትነዳ በተንደረደረችበት ታልፈዋለች፤ ነገር ግን ወደ ደሴ በሚያወጣው ጥምዝ ላይ ሐረጎ ጠመዝማዛ ዳገት ላይ እንደሚገለበጡት ካሚዮኖች ትገለበጣለች። እንግዳው ደግሞ ቀስ አድርገው መንዳታቸው አይቀርም። ትልቅ ሰው አይቸኩልም፤ የምንቸኩለው እኛ ነን።

መላው የተገኘው ከኋላዋ ከተቀጠለው የከሰል ጋሪ ነው። ጋሪውም የብረት እግር አለው፣ ግን ዝም ብሎ ይጎተታል እንጂ ለባቡሯ የሚያቀብላት ነገር የለም። ከአሮጌ የእጅ ባትሪ ቀጫጭን የናስ ምላሶች ቆርጬ የጋሪውን እግሮች እንዲነኩ አደረግኋቸው። ከዚያ ፀጉር በሚያካክሉ ሽቦዎች ከባቡሯ ሞተር ጋር በየድኳቸው። ባቡሯ ባዶው ላይ ስትሆን ጋሪው ገና ብረት ላይ ነው፤ ያገኘውን ያቀብላታል። ቁልፉን ቀስ አድርጌ አዞርኩ። ባቲን ወጣች፣ ኮምቦልቻ ገባች፣ መንታውን ምንም ሳትንፈራገጥ አለፈችና ደሴ ገብታ ቆመች። ደጋግሜ ሞከርኳት። ደጋግማ አለፈች።

"አለፈች?" የሚል ድምፅ ከኋላዬ ሰማሁ። እናቴ ጣይባ ናት። ለበሺር ምሳ ይዛ በጠዋቱ አውቶቡስ ከደሴ ወርዳ፣ ከአጥሩ ወደ አዳራሹ፣ ከአዳራሹ ወደ አጥሩ ስትመላለስ ነው ያረፈደችው። ሰው እኔን ትዕግሥት የላትም ይለኛል፤ ከማን እንደወረስኩት ግን የሚጠይቅ የለም።

"አለፈች እማ።"

"ማሻአላህ በይ እንጂ ልጄ። አዲስ ነገር እንዲህ ባዶውን አይታይም፤ ዐይን አለ።"

"ማሻአላህ" አልኩ፣ ለመገላገል ያህል።

በሩ ላይ ጠመንጃቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው የተቀመጡት ዘበኛው አባባ ወልደ ሚካኤል "እግዜር ይባርካት" አሉ። እናቴ ከያዘችው ዳቦ ቁራሽ ጀባ አለቻቸው፤ ተነሥተው በሁለት እጃቸው ተቀበሏት። እኔ ለበሺር ልነግረው ሮጥኩ።

በሺር ራሱን ተላጭቷል። ጆሮዎቹ ይህን ያህል ትልልቅ መሆናቸውን እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር። አጥሩን ይዞ ቆሞ ሲያየኝ ሳቀ። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ይባል የለ፤ እኔ በነገር ሁሉ ስንጨረጨር እሱ በነገር ሁሉ ይስቃል።

"ሠራች ወላሂ። መንታውን አለፈች" አልኩት።

"አብሽሪ ብዬሽ አልነበር? እንግዲህ እኔ የባቡር ነጂ ነኝ። ለእናቴ አሰብ ደርሶ መልስ በነፃ። አንቺ ግን ትከፍያለሽ፤ ስታኮርፊ ሁለት ወንበር ነው የምትይዢው።"

ልስቅ ፈለግሁ፤ አልመጣልኝም። ከኋላው ያሉት ልጆች መሬት ላይ ተቀምጠው ወደኛ ያያሉ፤ ከመካከላቸው የአንዳቸውም እኅት ሬዲዮ ጠጋኝ አይደለችም። ከነሱ መሐል አንዱን ለይቼ ላወጣ ነው የመጣሁት፤ እነሱም ይህን ያወቁ መሰለኝ። ዐይናቸውን ሸሽቼ ተመለስኩ።

አዳራሹ በር ላይ ጓድ ስማቸው ላቡን እየጠረገ ጠበቀኝ። "ቆማለች" አለኝ።

"የት?"

"የት ትቆማለች፤ መንታው ላይ ነዋ።"

ሄጄ ቁልፉን አዞርኩ። እውነቱን ነው። ኮምቦልቻ ገባች፣ መንታው ላይ ስትደርስ ተንፈራገጠች፣ ቆመች። ብየዳው ተላቆብኛል ብዬ ጋሪውን ገልብጬ ሽቦውን ነቀልኩት። ለካ ብየዳው ደህና ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ደህናውን በጥሼ እንደ አዲስ መበየድ ጀመርኩ፤ ስጣደፍ ጣቴን አቃጠልኩት። እናቴ ከጎኔ ቆማ ትንፋሿን ይዛለች። ጓድ ስማቸው ሰዓቱን ያያል፣ በሩን ያያል፣ እኔን ያያል። ብየዳውን ጨርሼ ሞከርኳት፤ ቆመች። ያኔ ነው እግሮቿን አገላብጬ ያየኋቸው። ጥቁር እድፍ ይዘዋል። ከጀሶው አቧራ ነው ብዬ ደመደምኩ፤ ሌላ ምን ሊመጣብኝ ይችላል?

"የሚያጥብ ነገር እፈልጋለሁ፣ አልኮል" አልኩ።

ጓድ ስማቸው ከክሊኒክ ላስመጣ ብሎ ሊወጣ ሲል አባባ ወልደ ሚካኤል ጉሮሯቸውን ጠረጉና ከካፖርታቸው ኪስ ትንሽ ጠርሙስ አወጡ። "ለብርድ ነው የያዝኳት" አሉ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መልሰው። በዚያ የኮምቦልቻ ሙቀት ምን ብርድ እንዳለ የጠየቃቸው የለም። አረቄው ብርቱ ነው፣ ሽታው ብቻውን ዐይን ያስለቅሳል። ጨርቅ ነክሬ ሐዲዱንም፣ መንታውንም፣ የባቡሯንና የጋሪውን እግሮችም እየጠረግሁ ሳለ እናቴ አፏን ይዛ ወደ ኋላ ተመለሰች።

"ያረቢ! አረቄ? ለበሺር በቆመ ነገር ላይ ሀራም ታፈሺያለሽ?"

"እማ፣ አትጠጣውም እኮ። ትታጠብበታለች።"

ባቡሯ ግን አለፈች። አረቄው እንደደረቀ ሞከርኳት፤ መንታውን እንደ ጠዋቱ ዝም ብላ አለፈችው። ጓድ ስማቸው ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ከመቀመጡ ስልክ ተደወለ፤ እንግዶቹ ሐርቡን አልፈዋል። ከሐርቡ ኮምቦልቻ በመኪና ምን አላት? ተመልሶ ብድግ አለ፣ ማይክራፎኑ ይጮሃል፣ ነይ አስተካክዪልኝ ብሎ እየጎተተ ወደ ውጭ ይዞኝ ወጣ። ማይክራፎኑን ሳስተካክል ከግቢው ጀርባ የካሚዮኖቹ ሞተር ሲነሣ ሰማሁ። እያሞቋቸው ነው። የያዝኩትን ሽቦ ጥዬ ወደ አዳራሹ ሮጥኩ፤ አንድ ጊዜ ልሞክራት፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ልቤ እንዲያርፍ።

ቁልፉን አዞርኩ። ባቲ። ኮምቦልቻ። መንታው። ተንፈራገጠች፣ እግሯ ባለበት ተሽከረከረ፣ ቆመች።

ጠረጴዛውን በጡጫ ልመታው እጄን አንሥቼ ነበር፤ የጀሶው ተራራ ይፈርሳል ብዬ ተውኩት። ይልቅ ጣቴን ሐዲዱ ላይ አሳረፍኩ። ተንሸራተተ። አሸተትኩት።

በዚያ ዓመት ያን ሽታ የሚረሳ አልነበረም። ከብቱ አልቆ ቅቤ በመድኃኒት ቦታ ገብቷል። በቅርቡ እናቴን "ፀጉሬ ደረቀ፣ ትንሽ ቅቤ ቀቢኝ" ብዬ ለምኛት "አልቋል" ብላኛለች። ደሴ ብንሆን ኖሮ ብርዱ አርግቶት ነጭ ሆኖ በታየኝ ነበር። የኮምቦልቻ ሙቀት ግን አቅልጦ እንደ ውሃ ሐዲዱ ላይ አስተኝቶታል። ባቡሯ ብረት መርገጧን ትታ ቅቤ ትረግጣለች፤ በቅቤ ውስጥ ደግሞ ኤሌክትሪክ አያልፍም።

"እማ፣ ይህን ማን ቀባው?" አልኩ፣ ዞር ሳልል።

"እኔ ነኛ" አለች እናቴ። ድምፅዋ ያጠፋ ሰው ድምፅ አልነበረም። "ጠዋት አዲስ ነገር ባዶውን አይሁን ብዬ በቢስሚላህ ቀባኋት። መንታዋ ላይ ነው የምትቸገረው ስትሉ ሰማሁ፤ እዚያችው ላይ ነው ያበዛሁላት። ኋላ አረቄውን ስታፈሺባት ደግሞ ልቤ ፈራ። ሀራሙን ይሻርላት ብዬ ደገምኳት።"

አባባ ወልደ ሚካኤልን አየኋቸው። በሩን የሚጠብቁት እሳቸው ናቸው።

"አይቻለሁ" አሉ፣ ማተባቸውን እየነካኩ። "ምርቃት አይደል፤ አሜን አልኩ። ምርቃት ይከለከላል እንዴ?" ከዚያ ጨመሩበት። "እኔም ጠበል ረጭቻታለሁ። ጠብታ ናት፣ ብዙም አይደለች።"

በሌላ ቀን ቢሆን መሬት ላይ ተንከባልዬ እስቅ ነበር። ካሚዮኖቹ ግን ያጓራሉ። ዓመቱን ሙሉ የዋጥኩት ነገር ሁሉ ወደ ጉሮሮዬ መጣ፤ የመጣውም በእሷ ላይ ነበር።

"በሺርን ካሚዮን ላይ የምትጭኚው አንቺ ነሽ" አልኳት። "ማንም አይደለም። አንቺ ነሽ ልጅሽን በገዛ እጅሽ የምትሸኚው።"

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ቃሉ ሲወጣ ራሴ ሰማሁት፤ መመለስ ግን አልቻልኩም። አባባ ወልደ ሚካኤል አንገታቸውን ደፉ። እናቴ አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችም። እጆቿን ገልብጣ አየቻቸው፤ ገና በቅቤ ያብረቀርቃሉ።

"ቅቤው ነው የሚያቆማት?"

"ቅቤው ነው።"

"አረቄው ያነሣዋል?"

"ያነሣዋል።"

የምትሰግድበትን ነጭ ነጠላ ከትከሻዋ አወረደች። ወደ አባባ ወልደ ሚካኤል ሄዳ እጇን ዘረጋች። "ጠርሙሱን ይስጡኝ ወንድሜ።"

"እታለም፣ እርስዎስ አይንኩት። እኔ ልጥረገው" አሉ ሽማግሌው።

"ይስጡኝ። የቀባሁት እኔ ነኝ።"

እናቴ አረቄ ያለበት ቤት ደጃፍ ላይ ስታልፍ የነጠላዋን ጫፍ በአፍንጫዋ ላይ የምትጭን ሴት ናት። ያን ጠርሙስ በነጠላዋ ላይ አንቆረቆረችውና ጎንበስ ብላ ሐዲዱን መጥረግ ጀመረች። መንታውን ጥፍሯን በነጠላው ጠቅልላ ጥግ ጥጉን ፈተገችው። እኔ ባቡሯንና ጋሪውን ገልብጬ ያዝኩላት፣ እሷ እግር እግራቸውን አንድ በአንድ ጠረገች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ጠጋ ስል ሰማኋት። "አስተግፊሩላህ፣ አስተግፊሩላህ" ትላለች፣ በየእግሩ። አልታጠብም የሚል ልጅ የምታጥብ ነው የምትመስለው። ይቅር በይኝ ልላት አፌን ከፈትኩ፤ ያኔ መኪኖቹ በር ላይ ቆሙ።

ጭብጨባ ሆነ፣ ንግግር ሆነ። ትልቁ እንግዳ በጠረጴዛው ዙሪያ እየዞሩ አረንጓዴውን ተራራ ሁሉ አዩ፣ አደነቁ። እናቴና እኔ ግድግዳው ላይ ተለጥፈን ቆመናል። ጓድ ስማቸው ቁልፉን አሳያቸው፤ እሳቸውም እንደፈራሁት በሁለት ጣት ይዘው በጣም ቀስ አድርገው አዞሩት። ባቡሯ ከአሰብ ተነሣች። ሚሌ ላይ ስትደርስ ሰው ሁሉ ወሬውን አቆመ። ባቲን ስትወጣ ድካሟ ያስታውቃል፤ ትንሽ እንኳ ፍጥነት ቢጨምሩላት ምን ነበር። ኮምቦልቻ ገባች። መንታው ላይ ስትደርስ መብራቷ ጭልም አለ፤ የእናቴ ጥፍር ክንዴ ውስጥ ገባ። ጋሪው ከኋላ አቀበላት፤ መብራቷ ተመለሰ፤ አለፈች። ትልቁ እንግዳ እንደ ልጅ ሳቁና "ይደገም" አሉ። ተደገመ። አለፈች።

ጓድ ስማቸው ቃሉን አላጠፈም፤ ይህን ልመሰክርለት ይገባል። እንግዶቹ ለምሳ ወደሌላ አዳራሽ እንደተሸኙ በጀርባ በር ወጥቶ በሺርን በክንዱ ይዞት ገባ። በሺር እየሳቀ ወደ እናቴ ሲሄድ ሁለት እጆቿን ወደ ኋላዋ ደበቀች።

"አትንካኝ፣ እጄ ነጃሳ ነው። ልታጠብ።"

"ምን ሆነሽ ነው?" አለ። ሽታው ደረሰውና ዐይኑን አፈጠጠ። "እማ፣ ጠጥተሽ ነው?"

እሷም ሳቀች፣ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ። ከዚያ በኋላ የሳቀ ሰው አልነበረም፤ ካሚዮኖቹ ከግቢው ሲወጡ ተሰማ። በሺር ሳቁን አቆመና ወደ መስኮቱ ዞረ። ልጆቹ ይዘፍኑ ነበር፤ ድምፃቸው በአቧራው ውስጥ ወደ ደሴ መንገድ እየራቀ ሄደ። ጓድ ስማቸው "ቁልፉ ላይ ሁን፣ ሕዝቡ ሊገባ ነው" ባይለው ኖሮ እዚያው መስኮት ላይ ይመሽበት ነበር መሰለኝ።

እናቴ ጓሮ ካለው በርሜል ውሃ ቀድታ እጆቿን ደጋግማ ታጠበች። ነጠላዋን አጥባ አጥሩ ላይ አሰጣች፤ ሌላ የላትምና አባባ ወልደ ሚካኤል ካፖርታቸውን ገልብጠው አነጠፉላት፣ እዚያ ላይ የአስርን ሶላት ሰገደች። እኔ ከጠረጴዛው ጀርባ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ምን እንደምላት አስባለሁ። ሰግዳ መጥታ ከኋላዬ ቆመችና ሻሼን ፈታችው። ከመቀነቷ ውስጥ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለች ነገር አወጣች። የቀረችው ቅቤ ነበረች፣ አውራ ጣት የማትሞላ።

"እማ፣ ያልኩሽ ነገር…"

"ዝም በይ። አንገትሽን አታወዛውዢብኝ።"

ፀጉሬን ከፍላ ከመሐል አናቴ ጀምራ ትቀባኝ ጀመር። ጣቶቿ አሁንም ትንሽ ትንሽ አረቄ ይሸታሉ። በጠረጴዛው ማዶ በሺር በሰው ተከቦ ቁልፉን ያዞራል፤ እኛ ካለንበት ባቡሯ አትታይም፣ ኮቴዋ ብቻ ይሰማል። ኮቴዋ ወደ መንታው ሲቃረብ የእናቴ ጣቶች ፀጉሬ ላይ ይቆማሉ። አልፋ ስትሄድ ይቀጥላሉ። እንደገና ትመጣለች፣ እንደገና ይቆማሉ።